በርጩማ ላይ ለሚቀመጥ ሰው፦ የጉልበትና የዳሌ ቀዶ ሕክምና ጥናቶች ምን ይነግሩናል?

ደሴ ላይ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሐኪም ጋ ከመድረሱ በፊት ምርመራው ያልቃል። «ብርድ ነው» ይባላል። ከጦሳ ተራራ ሥር እየኖሩ ብርድን መክሰስ መቼም ቀላል ነው። ኮምቦልቻ ወርዶ ሙቀት ላይ ከርሞም ካልተሻለው «እንግዲያማ ሪህ ነው» ይባላል። ቅባት ይመጣል። ወጌሻ ይጠራል። ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ይገዛል። ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ራጅ ይነሳና «መገጣጠሚያው ተበልቷል፤ መቀየር አለበት» የሚል ወሬ ይዞ ይመለሳል። ያኔ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ተዋጥተንም ቢሆን ይሠራለት» ይላል። ሌላው «ቢላ የነካው እግር ዳግም አይረግጥም» ባይ ነው።

ሁለቱም ጋ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። ላለፉት 60 ዓመታት በጉልበትና በዳሌ ላይ የተካሄዱት ጥናቶች አንዳንዱ ኦፕራሲዮን አልጋ ላይ የዋለን ሰው ገበያ የሚያስኬድ መሆኑን አሳይተዋል። ሌላው ደግሞ፣ ስንት ሰው የተሠራው ኦፕራሲዮን፣ ቆዳን በስቶ መልሶ ከመስፋት ያልተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ነገር ግን አብሮ መታየት አለበት። ጥናቶቹ በአብዛኛው የተሠሩት ወንበር ላይ ተቀምጠው በሚበሉና መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት በሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ነው። እኛ በርጩማ ላይ ቡና እንጠጣለን፣ መሬት ላይ እንሰግዳለን፣ ቁጢጥ ብለን እንጸዳዳለን። ስለዚህ ከጥናቱ እንዳለ የሚወሰደውንና «ለኔስ ኑሮ?» ተብሎ የሚጠየቀውን መለየት ይጠበቅብናል።

የሚበላው ምንድን ነው?

ዳሌ ላይ የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ጉልበት ላይ የጭን አጥንት በቅልጥም አጥንት ላይ ይታጠፋል፣ ፊት ለፊት የጉልበት ሎሚ አለች። ሁለቱም ቦታ አጥንቶቹ የሚነካኩበት ገጽ ልም አጥንት በሚባል ለስላሳ ሽፋን ተለብጧል። ጉልበት በተጨማሪ ሜኒስከስ የሚባሉ ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ሁለት ማረፊያዎች አሉት።

ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ከተጎዳ በቀላሉ አይጠገንም። የሕመም ነርቭም የለውም፤ ስለዚህ መሳሳት ሲጀምር ባለቤቱ አይሰማውም። ሕመሙ የሚመጣው ከሥሩ ያለው አጥንትና ዙሪያውን ያለው ሽፋን ሲነካ ነው። ብርዱ እንግዲህ ያለውን ሕመም ሊያባብሰው ይችላል እንጂ መገጣጠሚያውን የበላው እሱ አይደለም።

የዳሌ በሽታ ደግሞ አታላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ብሽሽት ላይ ይሰማል፤ አንዳንዴ ግን ጉልበት ላይ ብቻ ይሰማል። ጉልበቱ ታይቶ፣ ታሽቶ፣ ራጅ ተነስቶ ምንም የማይገኝበት ሰው ዳሌው መታየት አለበት። በተለይ ልጅ ከሆነ። ጉልበቴን እያለ የሚያነክስ ልጅ ዳሌው ሳይመረመር ወደ ቤት መመለስ የለበትም። ትኩሳት ካለውና እግሩን መርገጥ እምቢ ካለ ደግሞ ነገ የሚባል ነገር የለም። መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ይዞ ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልም አጥንቱን ይጨርሰዋል። ያ ልጅ በ25 ዓመቱ የሽማግሌ ዳሌ ይዞ ይገኛል።

አውሮፓ ውስጥ ዳሌ የሚቀየርለት ሰው በአብዛኛው ዕድሜው የገፋ፣ መገጣጠሚያው ቀስ በቀስ የተሸረሸረ ነው። አፍሪካ ውስጥ ታሪኩ ይለያል። ማላዊ የራሷን የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ ስትጀምር ዳሌ ለማስቀየር ከሚያደርሱት ምክንያቶች ፊት የተገኘው የጭን አጥንት ራስ የደም ፍሰት ተቋርጦበት መሞቱ ነበር። ይህ ከስብራት ወይም ከውልቃት በኋላ ይመጣል፣ ከብዙ አልኮል ይመጣል፣ ለረጅም ጊዜ ከሚወሰድ ስቴሮይድም ይመጣል። ስቴሮይድ ማለት እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉት ናቸው። ሐኪም ሲያዛቸው ሕይወት ያድናሉ። ያለ ትእዛዝ ለወራት መዋጥ ግን ዳሌን ሊያስከፍል ይችላል። በዚህ ላይ የመገጣጠሚያ ቲቢ አለ፣ ሳይታከም የቆየ ስብራት አለ። ለዚህ ነው የኛ በሽተኛ ብዙ ጊዜ ወጣት የሚሆነው። ወጣት መሆኑ ደግሞ ጣጣ አለው፤ በተበላው መገጣጠሚያ ፋንታ የሚገባለት ሰው ሠራሽ ዕቃ ከባለቤቱ ቀድሞ ሊያረጅ ይችላል።

ከሽመና ማሽን የመጣው ዳሌ

ዳሌ መቀየር ዛሬ የታወቀ ሥራ ከመሆኑ በፊት ብዙ ሰው ሞክሮ አልተሳካለትም። ጀርመናዊው ቴሚስቶክለስ ግሉክ በ1890 አካባቢ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በርሊን ላይ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ጉልበት ለቲቢ ሕሙማን አስገብቶ ነበር። ኢንፌክሽኑ ሁሉንም አበላሸበት።

የተሳካለት እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሌ ነው። ይሠራ የነበረው ራይቲንግተን በሚባል፣ ቀድሞ የቲቢ ሕሙማን ይተኙበት በነበረ ሆስፒታል ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሰበቃው ይቀንስ። ትንሽ የብረት ራስ፣ በሚያንሸራትት ፕላስቲክ ውስጥ። ብረቱን ከአጥንት ጋር ለማያያዝ የጥርስ ሐኪሞች ይጠቀሙበት የነበረውን አክሪሊክ ወሰደ። ለጎድጓዳው ደግሞ ቴፍሎንን መረጠ፤ ዛሬ የማይዙ መጥበሻዎች የሚለበጡበትን ነገር ማለት ነው። 300 ገደማ ሰዎች በዚህ ተሠሩ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ደስ አላቸው፣ ተራመዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቴፍሎኑ አለቀ። ማለቁ ብቻ ቢሆን ጥሩ። የተፋቀው ብናኝ ሰውነትን አስቆጥቶ በዙሪያው ያለውን አጥንት ማስበላት ጀመረ።

ቻርንሌ ምን አደረገ? የቴፍሎን ቁራጭ በራሱ ጭን ውስጥ ከተተ። ሰውነቱ ምን እንደሚያደርገው ሊያይ። እብጠት ሆኖ ቀረበት። ከዚያ በሽተኞቹን አንድ በአንድ እየጠራ ሲያወጣ ከረመ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዲህ ጥፋቱን ይዞ የቆመ ሰው ሁልጊዜ አይገኝም።

በ1962 አንድ ሻጭ ወደ ሆስፒታሉ የፕላስቲክ ናሙና ይዞ መጣ። በላንክሻየር የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ውስጥ ለሽመና ማሽን ጥርስ የሚያገለግል ፖሊኢትሊን ነበር። የኮምቦልቻ ጨርቃጨርቅ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ደስ ሳይላቸው አይቀርም። ቻርንሌ በጥፍሩ ጫር አድርጎ አይቶ ናቀው። ቴክኒሻኑ ሃሪ ክሬቨን ግን በመፈተሻ ማሽኑ ላይ ጭኖ ሌት ተቀን ሲያሽከረክረው ሰነበተ። አልበላም አለ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ከዚህ ፕላስቲክ የተሠራ ዳሌ ሰው ላይ ገባ። ዛሬም የሚገባው ዳሌ የዚያ ልጅ ነው። ቻርንሌ በሽተኞቹን ሌላም ነገር ይጠይቃቸው ነበር። ሲሞቱ ዳሌው ወጥቶ ምን ያህል እንደተበላ እንዲመረመር እንዲፈቅዱለት።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፕላስቲኩ በጨረር ተጠናክሮ መሠራት ጀመረ። መበላቱ በጣም ቀነሰ። የ40 ዓመት ሰው ዳሌ መቀየር ዛሬ እንደ ድሮው የማያስፈራው ለዚህ ነው።

የወደቀውን የሚቆጥር መዝገብ

የአንድ ሐኪም ትዝታ ማስረጃ አይሆንም። የተሻለው በሽተኛ ሊያመሰግን ይመጣል። ያልተሻለው ሌላ ሐኪም ጋ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሐኪም ሁሉም የዳነ ይመስለዋል።

ስዊድኖች ለዚህ መላ አበጁ። በ1975 ለጉልበት፣ በ1979 ለዳሌ ብሔራዊ መዝገብ ከፈቱ። የእድር ጸሐፊ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ስም እየጠራ እንደሚይዘው ሁሉ፣ መዝገቡ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ዕቃ እንደተሠራ፣ ያ ዕቃ ደግሞ መቼ ተነስቶ እንደተቀየረ ይይዛል። እንግሊዝና አውስትራሊያም ተከተሉ። ጥቅሙ ለመታየት ብዙ አልቆየም። በ2000ዎቹ ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከር ዳሌ ለወጣቶች ይበጃል ተብሎ ገበያውን ሞላው። የአውስትራሊያ መዝገብ አንዱ ዓይነት፣ ኤኤስአር የሚባለው፣ ከሌሎቹ በላይ ተመልሶ እንደሚከፈት አሳየ። አምራቹ ዲፑይ በ2010 ከዓለም ገበያ ሰበሰበው። ላቦራቶሪ ውስጥ ድንቅ የነበረ ዕቃ ሰው ውስጥ ገብቶ የብረት ብናኝ ያራግፍ ነበር።

«ስንት ዓመት ያገለግላል?» ለሚለው ጥያቄም መልሱ የመጣው ከመዝገቦች ነው። በ2019 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ስሌት ከ25 ዓመት በኋላ ከ100 የተቀየሩ ዳሌዎች 58 ያህሉ፣ ከ100 ሙሉ በሙሉ የተቀየሩ ጉልበቶች 82 ያህሉ አሁንም ቦታቸው ላይ እንዳሉ አሳይቷል። ይህ ከ25 ዓመት በፊት በነበረው ዕቃ ነው።

ከቁጥሩ ተነስቶ «እንግዲህ ጉልበት ከዳሌ ይበልጣል» ማለት ግን አይቻልም። ዳሌውን ያስቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት ወራት ቆይቶ የተቀየረለት መሆኑን ይረሳዋል። ጉልበቱን ያስቀየረ ሰው አይረሳውም። በተለያዩ አገሮች የተጠየቁ በሽተኞች ከ5 አንዱ ገደማ በተቀየረ ጉልበቱ አለመርካቱን ይናገራል። ዕቃው አልተበላሸም፣ ራጁም ያማረ ነው፤ ሰውየው ግን የጠበቀውን አላገኘም። የጉልበት ሐኪም ይህን አስቀድሞ ካልነገራችሁ፣ እናንተ አንሱት።

የይስሙላ ኦፕራሲዮን

አሁን ወደሚያስገርመው እንምጣ። በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ጉልበትን ማጠብና መፋቅ በዓለም ላይ በጣም ከተለመዱት የአጥንት ኦፕራሲዮኖች አንዱ ነበር። የተሸረሸረ ጉልበት ያለው ሰው ይታጠብለታል፣ «ተሻለኝ» ይላል። ሐኪሙም በሽተኛውም ደስ ይላቸዋል።

አሜሪካ፣ ሂውስተን ውስጥ ሐኪሞች 180 ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን ጉልበቱ ታጠበ። ሁለተኛው ታጥቦ ተፋቀ። ሦስተኛው ቆዳው ብቻ ተቀዶ ተሰፋ፤ ውስጡ ምንም አልተነካም። ሰዎቹ ይህ ሊሆን እንደሚችል አውቀው ፈርመዋል፣ ግን የትኛው እንደደረሳቸው አያውቁም። ውጤቱ በ2002 ታተመ። በሁለት ዓመት ክትትል ውስጥ ሦስቱም እኩል ሆኑ። የይስሙላ የተሠሩትም «ተሻለን» አሉ።

«እሱማ የተሸረሸረ ጉልበት ስለሆነ ነው፣ የተቀደደ ሜኒስከስ ግን ይለያል» ተባለ። ፊንላንዶች በ2013 መልሱን ሰጡ። ሜኒስከሳቸው በዕድሜ ብዛት የተቀደደ፣ ጉልበታቸው ግን ያልተሸረሸረ 146 ሰዎች ተመሳሳይ ዕጣ ወጣላቸው። ከዓመት በኋላ ልዩነት አልታየም።

ይህ ለኛ ከባድ ትርጉም አለው። አንድ ሰው አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ኤምአርአይ ይነሳል። «ሜኒስከስዎ ተቀዷል» የሚል ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ደንግጦ መሬት ይሸጣል። ግን አሜሪካ ውስጥ ተራ ነዋሪዎች ጉልበታቸው በኤምአርአይ ሲታይ፣ የተቀደደ ሜኒስከስ ከተገኘባቸው መካከል 61 በመቶዎቹ ምንም ሕመም የሌላቸው ነበሩ። ከ50 ዓመት በላይ ላለ ሰው የተቀደደ ሜኒስከስ ሽበት የማብቀል ያህል የተለመደ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ ያለው ነገርና የሚያመው ነገር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ካሜራው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ተቆልፎ አልታጠፍም አልዘረጋም ላለ ጉልበት፣ ኳስ ሲጫወት ለተጎዳ ወጣት፣ መግል ለያዘ መገጣጠሚያ አሁንም ይሠራል። የተተወው ላረጀ ጉልበት ማጠቢያነቱ ነው።

መርፌውም ተፈትኗል። ጉልበት ውስጥ ስቴሮይድ ሲወጋ ለጥቂት ሳምንታት ያሳርፋል፤ ይህ እውነት ነው። በ2017 የወጣ ጥናት ግን በየሦስት ወሩ ለሁለት ዓመት የተወጉት ሰዎች የጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ ልም አጥንታቸው በልጦ ሳስቶ፣ ሕመማቸው ግን ያው ሆኖ ተገኝቷል። ከራስ ደም ተጣርቶ የሚወጋው ፒአርፒ ደግሞ በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ በ288 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ከጨው ውሃ አልተሻለም። ዋጋው ግን ከጨው ውሃ በጣም ይበልጣል።

ታዲያ ማን ይሠራ?

ዴንማርኮች በ2015 ያወጡት ጥናት ለኔ ከሁሉም በላይ ሐቀኛ ነው። ጉልበት መቀየር የሚገባቸው 100 ሰዎች ተመረጡ። ግማሾቹ ተቀይሮላቸው ስፖርትና ምክር ተጨመረላቸው። ግማሾቹ ስፖርቱንና ምክሩን ብቻ አገኙ፤ ክብደት መቀነስ፣ የጫማ ማስተካከያና ማስታገሻም አብሮ። ከዓመት በኋላ ከተሠሩት 85 በመቶው፣ ካልተሠሩት 68 በመቶው ግልጽ መሻሻል አሳየ። ቅየራው ይበልጣል። ግን ከባድ ጉዳትም የበዛው በተሠሩት ላይ ነው፦ የደም መርጋት፣ ኢንፌክሽን፣ የጉልበት መድረቅ። ካልተሠሩት ውስጥ በዓመቱ ውስጥ «በቃኝ፣ ይቀየርልኝ» ያለው አንድ አራተኛ ያህሉ ብቻ ነው።

ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጡንቻ። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ፣ ሥራ የሚያስፈታ፣ በስፖርትና በመድኃኒት ያልበረደ ሕመም ካለ ደግሞ ቅየራ። ዕድሜው ያልገፋና እግሩ ወደ አንድ ጎን ለተጎበጠ ሰው መካከለኛ መንገድም አለ። ቅልጥሙን ቆርጦ ማቃናትና ክብደቱን ወዳልተበላው ወገን ማሳለፍ ይቻላል። ይህ ጉልበቱን ሳይቀይር ዓመታት ይገዛል።

ስፖርት ሲባል ጂም አይደለም። ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር ደጋግሞ መነሳት፣ ደረጃ ቀስ ብሎ መውጣት በቂ መነሻ ነው። የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ላይ የሚወርደው ጫና ይቀንሳል። ክብደት የቀነሰ ሰው ደግሞ ለቀነሰው ለአንድ አንድ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱን 4 ኪሎ ያህል ያሳርፈዋል። ደሴ ከተማ ውስጥ ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል፤ ስትወርዱ የሚጨነቀው ጉልበት ነው። ዳገቱን በእግር ወጥቶ ቁልቁለቱን በባጃጅ መውረድ ስንፍና አይደለም።

ከዘራም አለ። አብዛኛው ሰው ከዘራውን የሚይዘው በሚያመው እግር በኩል ነው። የሚያሳርፈው በተቃራኒው ነው፤ ግራ ዳሌ ካመመ ከዘራው በቀኝ እጅ። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ ዛሬውኑ የሚሞከር ነገር ነው።

መሬት ላይ የምንቀመጠውስ?

የተቀየረ ጉልበት ብዙውን ጊዜ የሚታጠፈው እስከ 110 ወይም 120 ዲግሪ ነው። ወንበር ላይ ለመቀመጥና ደረጃ ለመውጣት ይበቃል። ቁጢጥ ለማለት ወይም ተረከዝ ላይ ለመቀመጥ ግን 150 ገደማ ይፈልጋል። እስያ ውስጥ ወለል ላይ የሚኖረውን ሕዝብ አስበው አምራቾች «የበለጠ የሚታጠፍ» ጉልበት አወጡ። ጥናቶች ከተለመደው ጋር ሲያስተያዩት ልዩነቱ ኢምንት ሆነ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ምን ያህል ትታጠፋለህ የሚለውን በዋናነት የሚወስነው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምን ያህል ትታጠፍ ነበር የሚለው ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ መጠበቅም ለዚህ አይበጅም።

ስለዚህ ጉልበታችሁን ስታስቀይሩ ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚሄድ ነገር እንዳለ እወቁ። ሶላት ላይ ሱጁድ ለመውረድ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለመስገድ ያስቸግራል። በተቀየረ ጉልበት መንበርከክ ዕቃውን አይሰብርም፤ ብዙዎች ግን ስለማይመቻቸው ይተዉታል። ወንበር ላይ ሆኖ መስገድን በተመለከተ ሸኻችሁን ወይም የንስሐ አባታችሁን ከኦፕራሲዮኑ በፊት አነጋግሩ። በኋላ ከመሳቀቅ ይሻላል።

የዳሌው ጣጣ ሌላ ነው፤ መውለቅ። በተለይ ዳሌው ከኋላ በኩል ተከፍቶ ከተሠራ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማጠላለፍና ወደ ውስጥ ማዞር የገባውን ክብ ራስ ከጎድጓዳው ሊያስወጣው ይችላል። በርጩማ ላይ ስትቀመጡ ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ በላይ ነው። ያ ማለት ከ90 አልፋችኋል። የቅርብ ጊዜ ጥናቶች «ይህን ሁሉ ክልከላ ማጥበቅ አያስፈልግም» ወደማለት አዘንብለዋል። እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት። እነዚያ ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት ወንበርና መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት በሚጠቀም ሰው ላይ ነው። ለኛ ክልከላው ቢጠብቅ እመርጣለሁ።

ፈረንሳዊው ዢል ቡስኬ በ1970ዎቹ ለመውለቅ መላ ሠርቷል። ትንሹ ራስ በትልቅ ፕላስቲክ ራስ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ትልቁ ደግሞ በጎድጓዳው ውስጥ ይሽከረከራል። ሁለት ቦታ ስለሚዞር በቀላሉ አይወልቅም። ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። መሬት ላይ ለሚኖር ሰው ግን «ይህ ዓይነት ይገኛል ወይ?» ተብሎ መጠየቁ ነውር የለውም።

ቤት ውስጥ ደግሞ በሽተኛው ከመመለሱ በፊት የሚሰናዳ ነገር አለ። አናጺ ጠርታችሁ ከፍ ያለ ወንበር መሐሉን አስቆርጡና ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ላይ አስቀምጡት። ፍራሽ መሬት ላይ ከሆነ አልጋ ይፈለግ። ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። እናቶች በዚህኛው ላይ ያምጻሉ፤ በርጩማውን ለጥቂት ወራት ጎረቤት አስቀምጡት።

ወደ ወጌሻ የማይኬድበት ጊዜ

ወጌሻን አልንቅም። ወለምታ ላይ እጁ የሰመረለት አለ። የዳሌ ስብራት ግን የሱ ሥራ አይደለም። አንዲት እናት ግቢ ውስጥ ተንሸራታ ወድቃ መነሳት ካቃታት፣ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ዳሌዋ ተሰብሯል ብላችሁ ተነሱ። አትሹ፣ አትጎትቱ። የጭን አጥንት አንገት ሲሰበር የአጥንቱን ክብ ራስ የሚመግቡት የደም ሥሮችም አብረው ይበጠሳሉ። ስለዚህ ቢታሰርም ቢታሽም በአብዛኛው አይገጥምም። አልጋ ላይ የቆየች እናት ደግሞ ስብራቱ ሳይሆን የሳንባ ምችና የመኝታ ቁስል ነው የሚወስዷት። የብዙ አገር መመሪያ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ እንድትሠራ ያዛል።

ለኪሳችንም አንድ ጥሩ ዜና አለ። በ2019 የወጣው 1,495 በሽተኞች የተሳተፉበት ጥናት ለእንዲህ ዓይነቱ ስብራት ዳሌን ሙሉ በሙሉ መቀየርና ግማሹን ብቻ መቀየር በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ በመከፈት አልተለያዩም ብሏል። ግማሹ ይቀላል፣ ይረክሳል። ውድ የሆነው ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም።

መኪና አደጋ ላይ ዳሌ የወለቀበት ሰው ደግሞ ሰዓት ይቆጠርበታል። ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ አደጋ የደረሰበትን ሰው አስቡ። ዳሌው በ6 ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው ካልተመለሰ የጭን አጥንቱ ራስ የመሞት ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል። ቀጥታ ደሴ ሪፈራል። መጀመሪያ ወጌሻ፣ ነገ ሆስፒታል የሚባለው አካሄድ እዚህ ላይ አይሠራም።

ከመግባታችሁ በፊትና በኋላ

ትልቁ ፍርሃት ኢንፌክሽን ነው። በተደራጁ ሆስፒታሎች ከ100 አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ይደርሳል። ባክቴሪያ ብረቱ ላይ ከተጣበቀ ራሱን በሽፋን ይጋርዳል፤ መድኃኒት አይደርሰውም። ብዙ ጊዜ ዕቃው ወጥቶ፣ ለወራት ታክሞ፣ እንደገና መግባት ግድ ይሆናል። ስለዚህ የበሰበሰ ጥርስ ይነቀል፣ የእግር ቁስል ይዳን፣ ስኳር ይስተካከል፣ ሲጋራ ይቁም። ቀጠሮው ለዚህ ሲባል ቢገፋ አትከፉ።

የሚፈሰው ደም የሚቀንስበትም ርካሽ ዘዴ አለ። ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለውን መድኃኒት ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ በ1962 ይፋ አደረጉት፤ የቻርንሌ ዳሌ በገባበት ዓመት። ዛሬ መገጣጠሚያ ሲቀየር ደም የሚፈልገውን በሽተኛ ቁጥር በጣም ቀንሷል። «ይሰጠኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሐኪሙንም ስንት እንዲህ ዓይነት ኦፕራሲዮን በዓመት እንደሚሠራ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት የሚመስለን ሰዎች ነን። ግን ብዙ የሚሠራ ሐኪምና ብዙ የሚሠራ ሆስፒታል የተሻለ ውጤት እንዳላቸው መዝገቦቹ ደጋግመው አሳይተዋል። ለክትትል ስንት ጊዜ መመለስ እንዳለባችሁም ጠይቁ። ኦፕራሲዮኑ አዲስ አበባ ከሆነ፣ 400 ኪሎ ሜትሩን ትኩስ ስፌት ይዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት በየት በኩል እንደምትከታተሉ ይታወቅ። ፊዚዮቴራፒውን ደሴ ላይ ማን እንደሚያሠራችሁም አስቀድማችሁ አጣሩ። ጉልበት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካልታጠፈ ይደርቃል።

ስትወጡ አንድ ወረቀት አትርሱ። የሚገባው ዕቃ ሲመጣ ማሸጊያው ላይ ተለጣፊ አለው። የአምራቹ ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ልኩና ቁጥሩ ተጽፎበታል። አንዱ ካርዳችሁ ላይ ይለጠፍ፣ አንዱን እናንተ ውሰዱ። ከ15 ዓመት በኋላ ፕላስቲኩን ብቻ መቀየር ቢያስፈልግ፣ የሚከፍተው ሐኪም ውስጥ ያለውን ዕቃ ካላወቀ የተደላደለውን ብረት ሁሉ ነቅሎ ሊጀምር ይገደዳል። ፎቶ አንሱትና ለልጆቻችሁ በቴሌግራም ላኩት።